ለአርኪዮሎጂ ማስተርስ ወደ ቱቢንገን፦ ከሽፔርኮንቶ እስከ ቁፋሮው ጉድጓድ

እንኮይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ለሚሰጠው የአርኪዮሎጂ ሳይንስ ማስተርስ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሴሚስተሩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ገደማ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በአርኪዮሎጂና ቅርስ አስተዳደር ነው፤ ዕድሜዬ 27፤ ስኮላርሺፕ የለኝም፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ዘመዶቼ ናቸው።

ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። አንደኛ፣ ብሎክድ አካውንት የሚባለውን ማን ማስገባት ይችላል? ደግሞስ እሱ ብቻ ይበቃል? ሁለተኛ፣ እዚያ ከደረስኩ በኋላ የቱ ከየቱ ይቀድማል? አንዱ መጀመሪያ ባንክ ይላል፣ ሌላው መጀመሪያ ቀበሌ ይላል። ሦስተኛ፣ የሠራሁት በአብዛኛው የድንጋይ መሣሪያ ለቀማና ምደባ ነው። ጀርመኖች ሲቆፍሩ አሠራራቸው ሌላ ነው ሲባል ሰምቻለሁና ከመሄዴ በፊት ምን ልለማመድ? ስለዝርዝሩ አትቆጥቡ፤ ረጅም መልስ አነባለሁ።

ማኅተም፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። በገንዘቡ ልጀምር፤ ቪዛው የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ብሎክድ አካውንቱ፣ ጀርመኖቹ ሽፔርኮንቶ የሚሉት፣ የመኖሪያ ገንዘብሽ ተቆልፎ በየወሩ የሚለቀቅበት ሂሳብ ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ይጠይቃል፤ በወር 992 ማለት ነው። መጠኑ ስለሚቀያየር ቀጠሮሽ ሲደርስ የኤምባሲውን ገጽ እንደገና እዪው። ሂሳቡ በስምሽ ይሁን እንጂ ገንዘቡን የሚያስገባው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ዋሽንግተን ያለ አጎትም ይሁን ፍራንክፈርት ያለች እህት። የገንዘቡን ምንጭ ስለሚጠይቁ የላኪውን መታወቂያና የባንክ መግለጫ አስቀድመሽ ያዢ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ልክ 11,904 ይልካል፣ መንገድ ላይ ያሉት ባንኮች ሠላሳ አርባ ዩሮ ይቆርጣሉ፣ ሂሳቡ ሙሉ ስላልሆነ ማረጋገጫው አይወጣም፣ የቪዛ ቀጠሮው ያልፋል። የሐዋላው ወጪ በሙሉ በላኪው እንዲሸፈን ባንኩን አሳስቡት፤ ሂሳቡን የሚከፍተው ድርጅት በላዩ የሚጠይቀውን የአገልግሎት ክፍያና መጠባበቂያም ደምራችሁ ላኩ።

ጀርመን የሚኖርና በቂ ደመወዝ ያለው ዘመድ ካለሽ ሌላም በር አለ። ዘመድሽ በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ፣ 29 ዩሮ ከፍሎ፣ ወጪሽን እንደሚችል ይፈርማል። ይህ ወረቀት ሽፔርኮንቶውን ይተካል። ግን ለሠርግ እንደሚሰጥ ውለታ አትዪው፤ ፈራሚውን አምስት ዓመት ያስጠይቀዋል። አንቺ የመንግሥት ድጎማ ብትወስጂ ሂሳቡ የሚላከው ለእሱ ነው።

«ብቻውን ይበቃል?» ላልሽው፣ አይበቃም። «ጀርመን ትምህርት በነጻ ነው» የሚባለው ቱቢንገን ያለችበትን ክፍለ ግዛት አይመለከትም። ባደን ቩርተምበርግ ከ2017/18 የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ዓመት 3,000 ከ11,904ው ውጭ ነው፤ የሴሚስተር መዋጮው ደግሞ ለብቻው። ከክፍያው ነጻ የሚኮንባቸው መንገዶች አሉ፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ከመመዝገብሽ በፊት ስለሆነ ዛሬውኑ ጻፊላቸው።

ሰነድን በተመለከተ የእኛ አገር ወጥመድ ወጪ መጋራት ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ወጪ መጋራቱን ሳይጨርስ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም፤ በእጁ የሚኖረው ጊዜያዊው ነው። ለምዝገባ ዋናውን ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ ሬጅስትራር የምትሄጂው አሁን ነው። በፓስፖርትሽ፣ በትራንስክሪፕትሽና በልደት ወረቀትሽ ላይ ስምሽ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጪ። የልደት ቀን ከእኛ ዘመን ወደ እነሱ ሲመለስ በአንድ ቀን የተዛባ ከሆነም እዚሁ አስተካክዪው፤ እዚያ ከሄድሽ በኋላ ማስተካከል ከጥርስ ነቀላ ይብሳል።

ገና ለሚያመለክቱ ሌሎች ደግሞ፦ የእኛ 4.00 በጀርመን ስሌት የሚለወጠው እንዲህ ነው። ከ4.00 ውጤታችሁን ቀንሱ፣ በ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። 3.40 ያለው ሰው 1.9 ያገኛል። እዚያ ትንሹ ቁጥር ነው ጥሩው።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ሁሉን የሚከፍተው ቁልፍ ቤት ነው። የመግቢያ ደብዳቤው እንደደረሰ ለተማሪ መኖሪያ አመልክቺ፤ ቱቢንገን ትንሽ ከተማ ናት፣ ተማሪዋ ግን ብዙ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ቤት ስትይዢ አከራይሽ «እዚህ ገብታለች» የሚል ወረቀት ፈርሞ ይስጥሽ፤ የኪራይ ውሉ ይህን አይተካም። ያን ይዘሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት ትመዘገቢያለሽ። አንሜልዱንግ የሚሉት እሱ ነው፣ ሰው «ቀበሌ» ያለሽም እሱን ነው። የምዝገባው ወረቀት የባንክ ሂሳብ ያስከፍታል፤ ባንኩ ከሽፔርኮንቶው በየወሩ 992 ይቀበላል። ቤቱን ሳያዩ፣ «ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ለሚል ሰው ቀብድ መላክ ግን ፈጽሞ የለም። ሕጋዊው የዋስትና ገንዘብ ጣሪያም የሦስት ወር ባዶ ኪራይ ነው፤ ባዶ ኪራይ ማለት ማሞቂያና ውኃ ያልተደመረበት ነው።

የጤና መድኅን ከዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ይቀድማል፤ ድርጅቱ ለዩኒቨርሲቲው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ካላሳወቀ አትመዘገቢም። 30 ስላልሞላሽ በሕዝባዊው መድኅን የተማሪ ዋጋ ትገቢያለሽ። ርካሽ የግል መድኅን የሚያቀርብልሽን ደላላ ራቂው፤ ከሕዝባዊው ነጻ ልሁን ብለሽ አንዴ ከፈረምሽ እስክትመረቂ መመለስ የለም። ከኦክቶበር 1 በፊት ለምትቆዪባቸው ቀናት ደግሞ የጉዞ መድኅን ግዢ።

የመኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ የመግቢያ ቪዛሽ ሳያልቅ አስገቢ። ቀጠሮው ስለሚዘገይ በመጀመሪያው ሳምንት ያዢው።

ሥራን በተመለከተ፣ ከማርች 2024 ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቀዳል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት ሆኖ መሥራትና ሥርዓተ ትምህርቱ የሚያስገድደው የተግባር ልምምድ ከዚህ አይቆጠሩም። ለአርኪዮሎጂ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የግዴታ የመስክ ሥራሽ ቀንሽን አይበላብሽም።

ባልጩት፦

ማኅተም ወረቀቱን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ጉድጓዱ ልውረድ።

በኢትዮጵያ ቁፋሮ ያደገ ሰው ዓይኑ ዕቃ ይፈልጋል፤ ባልጩት፣ አጥንት፣ ገል። ደቡብ ጀርመን ሜዳው ላይ ስትቆፍሪ ግን ብዙው ማስረጃ የአፈር ቀለም ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት የቆመ የቤት ምሰሶ በስብሶ አልቋል፤ የቀረው ነፋስ ባመጣው ቢጫ አፈር ላይ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ክብ ብቻ ነው። ውስጡ አንዲት ገል ላይኖር ይችላል። የቤቱ ቅርጽ የሚወጣው እነዚያን ክቦች በማገናኘት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁለት ቃል ለዪ፦ ቤፉንድ ያ የጠቆረው ክብ፣ ጉድጓዱ፣ ምድጃው፣ ግድግዳው ነው፤ ፉንድ ደግሞ ከውስጡ የወጣው ዕቃ ነው። ለሁለቱም የየራሳቸው ቁጥር ይሰጣል። በመዝገብ ላይ ካቀላቀልሻቸው አንድ ሙሉ ከረጢት ገል አገር አልባ ይሆናል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የላይኛውን የእርሻ አፈር ጥርስ በሌለው ሰፊ አካፋ ማሽን ይገፈዋል። ገጹ በመፋቂያ ይጸዳል፤ ይህ ጠፍጣፋ ገጽ ፕላኑም ይባላል። ፎቶ ይነሳል፣ በ1:20 ይሳላል፣ ይለካል። ከዚያ የጠቆረው ክብ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ብቻ ይቆፈራል፤ የቀረው ግማሽ የሚያሳየው ቁም ግድግዳ ፕሮፊል ነው፣ እሱ በ1:10 ይሳላል። ሁለተኛው ግማሽ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ናሙናም የሚወሰደው ከእሱ ነው።

የሚበላሸው የት የት ነው? አንደኛ ድርቀት። ገጹ ፀሐይ ከመታው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀለሙ ይጠፋል። ጀማሪው «ጠፋብኝ» ብሎ እንደገና ይፍቃል፣ ሲፍቅ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ከሆነ አብሮ ያልቃል። መፍትሔው የመርጫ ውኃና ላስቲክ ነው፤ ቀስ አድርገሽ አርጥቢ፣ ሸፍኚ፣ ፎቶውን ከማንሳትሽ በፊት ግለጪ። ግማሽ ጥላ ግማሽ ፀሐይ ያለበት ፎቶ ዋጋ የለውም፤ ወይ ሁሉንም ጥላ አድርጊበት ወይ ደመና ጠብቂ። ሁለተኛ ያጋደለ ፕሮፊል። ግድግዳው ቀጥ ካላለ ሽፋኖቹ ከትክክለኛ ውፍረታቸው በላይ ይታያሉ፣ ሥዕሉም ይዋሻል፤ ቱንቢ ተጠቀሚ። ሦስተኛ በተጸዳው ፕላኑም ላይ መርገጥ። ይቅርታ የማይደረግለት እሱ ነው።

ዋሻ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከቱቢንገን ብዙም ሳይርቁ ያሉት የሽቬቢሽ አልብ ዋሻዎች፣ በ2017 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ የሚቆፈሩት ሜትር በሜትር የሆነው ካሬ አራት ቦታ ተከፍሎ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር በሆነ ስስ ንብርብር ነው። የወጣው አፈር በየባልዲው ተቆጥሮ፣ መለያ ወረቀት ተደርጎበት፣ በውኃ ይነፋል። ዓይን ያመለጠውን ወንፊቱ ያገኘዋል። በ2008 ከሆለ ፌልስ ዋሻ የወጣችው ከማሞዝ ጥርስ የተቀረጸች የሴት ምስል ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ የተገኘችውም ተሰባብራ ነበር። እንዲህ ዓይነቷን በአካፋና በትዕግሥት ማጣት አታገኚያትም። ምስሏን ለማየት ብላውቦይረን ሙዚየም ሂጂ።

ከመሄድሽ በፊት የምትለማመጂው አንድ ነገር ብቻ ቢኖር ኩጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ነጻ ነው። የቦታ መለኪያ ሥርዓቶችን ሳታደበላልቂ መቀየር ልመጂ። የእኛ የድሮዎቹ 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ ከስልክሽ ጂፒኤስ ጋር ሳትቀይሪ ብትደራርቢያቸው ቦታው 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ዓለምን በዞን በሚከፍለው የዩቲኤም የካርታ ሥርዓት ቱቢንገን ያለችው በዞን 32 ነው፣ አዲስ አበባ በዞን 37።

ዕቃ፦ የብረት ጣትና ውጋት የማያስገባ ሶል ያለው ጫማ፣ ደረጃው ኤስ3 የተባለ። የጉልበት መከላከያ። የቴታነስ ክትባት ካርድ፤ ካለፈው አሥር ዓመት ከሆነው አሳድሺው። ማንኪያችን የምንለውን ባለ አራት ማዕዘን መቆፈሪያ እዚያ ሁሉም ቦታ አያቀርቡልሽም፤ ብዙዎቹ በሁለት ጫፉ ስለት ያለው የልስን ሠራተኛ ትንሽ ብረት ይዘው ታያለሽ። ለደቃቅ ሥራ ከእሱ የሚሻል የለም፣ በግንባታ ዕቃ መደብር በርካሽ ይገኛል።

ድንበር ዘለል፦

ስለ ጉዞ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ትምህርት ሰው ሌላ አገር ለቁፋሮ ይሄዳልና።

የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽ ከመታተሙ በፊት ቪዛሽ ካለቀ ፊክሲዮን የሚባል ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጡሻል። ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 81 ንዑስ 4 የተሰጠው ከጀርመን ወጥቶ መመለስን ይፈቅዳል፤ በንዑስ 3 የተሰጠው አይፈቅድም። ቪዛሽ ሳያልቅ ካመለከትሽ ሊሰጥሽ የሚገባው ንዑስ 4 ነው። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ እዪ። በካርዱ በሌሎቹ የሼንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ። እንግሊዝ፣ ዮርዳኖስ ወይም ቱርክ ቁፋሮ ካለ ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የየራሱን ቪዛ እዪ፤ የቡድኑ አለቃ ጀርመናዊ ከሆነ ይህ ትዝ ላይለው ስለሚችል ከሦስት ወር በፊት አስታውሺው። ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ከጀርመን ውጭ ከቆየሽ ፈቃዱ ይወድቃል፤ ለረጅም የመስክ ሥራ ከሆነ ከመውጣትሽ በፊት ቢሮው ጊዜውን በጽሑፍ ያራዝምልሽ።

እንኮይ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ወለደብኝ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ለመሥራት አስባለሁ። ከአገር ቤት ናሙና ይዤ ብሄድስ? ደግሞ ከአጥንት፣ ከዕፅዋትና ከአፈር ጥናት የትኛውን ልምረጥ?

ጭቃ ሹም፦

ናሙና ይዤ ልሂድ የሚለውን ከአእምሮሽ አውጪው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት መቆፈርም ማጥናትም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ናሙና ከአገር ማውጣት ደግሞ ከዚያ የተለየ ሌላ ፈቃድ ነው። ሁለቱንም የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ከረጢት ውስጥ ያለ አፈርም ሆነ የከሰለ እህል «ትንሽ ነገር» ተብሎ አያልፍም። ተማሪ የሚገባበት ትክክለኛ መንገድ ፈቃድ ባለው ቡድን ውስጥ በስም መካተት ነው፤ መጀመሪያ አማካሪሽ የማን ፈቃድ ላይ እንደሚሠራና ናሙናው ተመላሽ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ጠይቂ። ርዕስ መርጦ ፈቃድ ፍለጋ መሄድ አንድ ሴሚስተር ያስከፍላል፤ ያውም 1,500 ዩሮው ሳይቆጠር።

ናሙና የማይጠይቅ ርዕስም አለ። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ያሳተመው፣ በ1913 በአራት ቅጽ የወጣው ሥራ፣ ዛሬ የተሸፈኑ ወይም የፈረሱ ነገሮችን ፕላንና ፎቶ ይዟል። እሱን ከአሁኑ የሳተላይት ምስል ጋር በካርታ ማስማማት ራሱን የቻለ የማስተርስ ሥራ ነው፤ ባልጩት ያለሽ ኩጂአይኤስ የሚገባው እዚህ ነው። ይሓ ላይ ደግሞ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ከ2009 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በትብብር ሠርቷል፤ የታተመው ውጤት ብዙ ነው። ሃምቡርግ ያለውን የሒዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት ማዕከልንም አትርሺ።

ምርጫውን በተመለከተ አስተያየቴ ወገንተኛ ነው፦ ዕፅዋት። ከአጥንት የሚወሰደው የአይሶቶፕ፣ ማለትም የአቶም ዓይነቶች፣ ጥናት ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል ማሽን ይፈልጋል፤ ተመርቀሽ አገር ቤት ስትገቢ ማሽኑ አብሮሽ አይመጣም። የከሰለ ዘር ለመለየት ግን ከ10 እስከ 40 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕና የዘር ማነጻጸሪያ ስብስብ ይበቃል። ማነጻጸሪያውን ከመርካቶ እህል ተራና ከገበሬ ማሳ ራስሽ ታዘጋጂዋለሽ፤ ግማሹን በጥሬው፣ ግማሹን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለሽ አክስለሽ። የከሰለ ጤፍ ከጥሬው ጋር አይመሳሰልም።

እዚያ የምትማሪውን ዘዴ እንዳለ ወደዚህ አታምጪው። ለስንዴና ለገብስ የለመደ ቡድን በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ረክቶ ሊቀመጥ ይችላል። ጤፍ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሾልኮ ይሄዳል። የከሰለው ዘር ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ የሚይዘው ጨርቅ 0.25 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ይሁን። አሥር ሊትር አፈር በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ እያልሽ አማስዪ፣ የተንሳፈፈውን ብቻ አፍስሺ፣ እስኪጠራ ድገሚ። መረሬ አፈር ከሆነ እንደ ሊጥ ይይዝሻል፤ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አሳድሪው። የተገኘውን በጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አድርጊ፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ የከሰለው ዘር ይሰነጠቃል። መለያውን በእርሳስ ጽፈሽ አንዱን ከረጢቱ ውስጥ አንዱን ውጭ፤ እስክሪብቶ ከእርጥበት ጋር ይሄዳል። ያልከሰለ ዘር ካገኘሽ አትደሰቺ፤ በእኛ አፈር ምስጥና ሥር ያስገቡት የአምናው ነው። እንሰት ላይ ልሥራ ካልሽ ደግሞ ዘር አትጠብቂ፤ ሰው ተክሉን ዘር ሳያፈራ ይቆርጠዋልና መንገዱ ፋይቶሊት፣ ማለትም በተክል ውስጥ የሚፈጠር ደቃቅ ድንጋይ መሰል ቅንጣት፣ እና የስታርች ቅንጣት ነው።

ሽሮ ሜዳ፦

ትልቁን ነገር ብላችሁታል፤ እኔ ትንንሹን።

የፖስታ ሣጥንሽ ላይ ስምሽ ካልተለጠፈ ደብዳቤ አይደርስሽም፤ ፖስተኛው ይመልሰዋል። የባንክ ካርድ፣ የመድኅን ካርድ፣ የሚስጥር ቁጥር፣ ሁሉም በደብዳቤ ነው የሚመጣው። ፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም መስመር ያለውን ስም ለጥፊ፤ በራስሽ ስም ብቻ አይሆንም።

ሻንጣ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን ይገባል። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አይገባም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ይጥለዋል። የተነጠረ ቅቤም ያው ነው። ቅቤውን እዚያው ገዝተሽ ኮረሪማና ኮሰረት ይዘሽ ሄደሽ አንጥሪ። የጤፍ ዱቄት በሐበሻ ሱቅ አለ፤ ሽቱትጋርት ቅርብሽ ነው።

በቁፋሮ ካምፕ በጾም ቀን «ቬጋን ነኝ» በዪ። ጾምን ማብራራት ስትጀምሪ ዓሣ ያቀርቡልሻል።

ሰዓት፦ «ሃልብ ድራይ» ሁለት ተኩል እንጂ ሦስት ተኩል አይደለም። የትምህርት ሰሌዳ ላይ c.t. («ኩም ቴምፖሬ») የሚል ምሕጻር ካየሽ ትምህርቱ የሚጀምረው ከተጻፈው ሰዓት ሩብ ካለፈ በኋላ ነው፤ s.t. («ሲኔ ቴምፖሬ») ከሆነ በሰዓቱ። ቀጠሮ በስልክ ስትይዢ ደግሞ በ24 ሰዓት ቁጥር ድገሚላቸው፤ የእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ስለሚዘል አፍ ላይ ያመልጣል።

ቱቢንገን ሽቫብ አገር ናት፤ ሳምንቱ ሲደርስሽ የጋራውን ደረጃ ታጸጃለሽ፣ ኬርቮኸ ይሉታል። በርሽ ላይ የተንጠለጠለ ሰሌዳ ካየሽ ተራው ያንቺ ነው። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ከመሸ እንዳይዝሽ።

እንኮይ፦

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ሬጅስትራር፣ ከዚያ ስለ ክፍያው ነጻ መሆን ለዩኒቨርሲቲው እጽፋለሁ። ጭቃ ሹም፣ ለማነጻጸሪያው የጤፍ ዓይነት ስንት ይበቃል?

ጭቃ ሹም፦

ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ያዢ፤ በየዓይነቱ አንድ ሲኒ ይበቃል። ጤፍ ብቻ አታድርጊው፤ ዳጉሳ፣ ማሽላና ከጤፍ ማሳ የሚታረመውን ሣር ሁሉ ጨምሪ። ጥያቄ የሚያስነሳው ሁልጊዜ አረሙ ነው። አገር የሚያስወጣሽ ወረቀት ግን ለዘሩም ይጠየቃል፤ ስለዚህ ማነጻጸሪያውን እዚሁ አስቀምጪ፣ ፎቶውን ከመለኪያ መስመር ጋር አንስተሽ ይዘሽ ሂጂ።